የብሉ ኖት ሸክላ፦ የመጀመሪያ እትምን ከኋለኛው በምን እንለያለን?

ድምፅ ማጉያ፦

ሰላም ለቤቱ። የአሜሪካው የጃዝ ኩባንያ የብሉ ኖት ሁለት ሸክላዎች ለሽያጭ ቀርበዋል። ሻጩ ሁለቱንም "ኦሪጅናል፣ የመጀመሪያ እትም" ይላቸዋል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ተሰቅሏል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብታዩልኝ።

አንደኛው የአርት ብሌኪ "ሞኒን" ነው፤ ቁጥሩ 4003፣ ሞኖ። ሌብሉ (መሃሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት) ዳር ላይ "ብሉ ኖት ሬከርድስ ኢንክ፣ ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ" ይላል። ሙዚቃው አልቆ ሌብሉ እስኪጀምር ባለው ባዶ ቀለበት ላይ "አር ቪ ጂ" የሚሉ ፊደሎችና አንዲት የተጠማዘዘች ምልክት ይታያሉ።

ሁለተኛው የሊ ሞርጋን "ሳይድዋይንደር" ነው፤ 4157፣ እሱም ሞኖ። ሌብሉ ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ባዶው ቀለበት ላይ "ቫን ጌልደር" ተመትቷል፤ የተጠማዘዘችው ምልክት ግን በሁለቱም ገጽ የለችም። ሽፋኑ ጀርባ ላይ "43 ዌስት 61ኛ መንገድ" የሚል አድራሻ አለ። ሌብሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ክብ የለውም። "ጎድጓዳው ክብ ከሌለ ኦሪጅናል አይደለም" ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

መርፌና ሸክላ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነተኛ ብሉ ኖት ናቸው፤ የመጀመሪያ እትም ግን አንዳቸውም አይደሉም። አንደኛውን ሌብሉ ያጋልጠዋል፣ ሁለተኛውን ሌብሉ ይደብቀዋል።

መጀመሪያ አድራሻውን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ባለ 12 ኢንቾቹ መውጣት ሲጀምሩ የሌብሉ ዳር "767 ሌክሲንግተን አቬኑ" ይል ነበር። በ1957 ቢሮው ሲዛወር "47 ዌስት 63ኛ" ሆነ። በ1959 ከኩባንያው ስም ቀጥሎ "ኢንክ"፣ "ኖት" ከሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል ሥር ደግሞ በክብ የታጠረች ትንሽ "አር" ገቡ። ከ1962 ገደማ ጀምሮ የመንገዱ ስም ቀርቶ "ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ" ብቻ ቀረ። ኩባንያው ሊበርቲ ወደሚባል ሌላ የሸክላ ኩባንያ እጅ ከገባ በኋላ፣ ከ1966 ወዲህ፣ "የሊበርቲ ሬከርድስ ክፍል" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከ1970 በኋላ ደግሞ የዩናይትድ አርቲስትስ ስም ተተካ።

"ሞኒን" የተቀረጸው ኦክቶበር 30 ቀን 1958 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሌብል "47 ዌስት 63ኛ" የሚል፣ "ኢንክ"ም "አር"ም የሌለበት፣ በሁለቱም ገጽ ጎድጓዳ ክብ ያለው ነው። ያየኸው "ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ" ከ1962 በፊት ሊታተም አይችልም። የተጠማዘዘችው ምልክት ስላለችበት ግን ከ1966 ወዲህ አይሄድም። በሁለቱ መካከል የታተመ ጥሩ ሸክላ ነው፤ በመጀመሪያ እትም ዋጋ አይገዛም።

ያቺ ምልክት የፕላስቲላይት ፋብሪካ "ፒ" ናት። በእጅ ጽሕፈት አጣጣል ስለተጠማዘዘች ሰብሳቢዎች "ጆሮ" ይሏታል፤ መጠኗ የገብስ ፍሬ ያህል ነው። ፕላስቲላይት የኒው ጀርዚ ፋብሪካ ሲሆን የብሉ ኖትን ሸክላዎች እስከ 1966 ሲያትም ቆይቷል። ሊበርቲ ሥራውን ሲረከብ ሕትመቱ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ሄደ፣ ጆሮዋም ቀረች።

ሻጮች የሚሳሳቱት፣ ወይም የሚያሳስቱት፣ እዚህ ላይ ነው። ሊበርቲ ኩባንያውን ሲረከብ የተከመረ የ"ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ" ሌብል አብሮ ተረከበ። ወረቀት አይጣልምና በአዲሶቹ ፋብሪካዎች በታተሙ ሸክላዎች ላይም ለጠፉት። የቫን ጌልደር ማህተምም ("አር ቪ ጂ" የስሙ ምህጻር ነው) አልጠፋም፤ ማህተሙ ያለው የድምፅ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር በቆረጠው ላከር፣ ማለትም የሕትመቱ መነሻ በሆነው ዲስክ ላይ ስለሆነ ከላከሩ በተወሰደው ብረት አማካይነት ወደየትኛውም ፋብሪካ ይሄዳል። እንግዲህ "ቫን ጌልደር" ማን እንደቆረጠው ይነግርሃል፣ "ጆሮ" ማን እንዳተመው። "ሳይድዋይንደር" ዲሴምበር 21 ቀን 1963 ተቀርጾ በ1964 የወጣ አልበም ነው፤ የመጀመሪያ እትሙ በሁለቱም ገጽ ጆሮ ሊኖረው ግድ ነው። ያንተው ሌብሉ ትክክል፣ ሽፋኑ ትክክል፣ ጆሮ ግን የለውም። የሊበርቲ ዘመን ሕትመት ነው።

ድምፁን በተመለከተ አትናቀው። ቆራጩ ያው ሰው ነው። በመካከለኛ ዋጋ ካገኘኸው ውሰደው።

ሠላሳ ሦስት ዙር፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ የጎድጓዳው ክብ ጥያቄ ግን ስላልተመለሰ ልጨምር።

ጎድጓዳው ክብ የሚመጣው ከማተሚያው ማሽን ነው። በአሮጌዎቹ የማሽን ቅርጾች የሌብሉ ማሰሪያ ጠርዝ በሌብሉ ላይ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቦይ ይተዋል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። ቅርጾቹ በአዲስ ሲተኩ ቦዩ ጠፋ። እስከ 1961 ገደማ ለወጡት በሁለቱም ገጽ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ፋብሪካው አሮጌና አዲስ ቅርጽ እያደባለቀ ስለሠራ በአንድ ገጽ ብቻ ያለው፣ ጨርሶ የሌለው፣ አልፎ አልፎም በሁለቱም ያለው ይገኛል። ስለዚህ በ1964 ለወጣው 4157 ቦይ አለመኖሩ ምንም አያስረዳም፤ ለ4003 ግን አለመኖሩ ጉዳዩን ይዘጋዋል። "ጎድጓዳ ከሌለ ኦሪጅናል አይደለም" የሚሉ ሰዎች የ1950ዎቹን ሕግ ለ1960ዎቹ እያዋሱ ነው።

ሌላም አለ፤ የአንዱ ሸክላ ሁለት ገጾች የተለያየ አድራሻ ሊይዙ ይችላሉ። በአንዱ "47 ዌስት 63ኛ"፣ በሌላው "ኒው ዮርክ ዩ ኤስ ኤ" ካየህ የሚቆጠረው አዲሱ ነው። ሻጭ የአንዱን ገጽ ፎቶ ብቻ ሲልክ የምጠረጥረው ለዚህ ነው።

ጆሮዋን ስትፈልግ ከላይ በተንጠለጠለ አምፖል አትሞክር። ሸክላውን ጠርዙንና ሌብሉን ብቻ ይዘህ የስልክህን መብራት ከጎን፣ ገጹን ሊነካ በቀረበ ማዕዘን አብራና ቀስ ብለህ አዙረው። ብዙ ጊዜ ከማትሪክስ ቁጥሩ (ባዶው ቀለበት ላይ ካለው የሕትመት መለያ) ራቅ ብላ ስለምትቀመጥ ሙሉ ዙር ሳትጨርስ "የለም" አትበል። አቧራ ከሸፈናት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረግ። በሸክላው ላስቲክ ላይ በኋላ የተጫረ ምልክት ነጣ ብሎ ጠርዙ ይሻክራል፤ ከሸክላው ጋር አብራ የታተመች ጆሮ ግን እንደ ቀሪው ገጽ ጥቁርና ለስላሳ ናት።

ድምፅ ማጉያ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩ ሩቅ ስለሆነ በፎቶ ነው የምጨርሰው። ምን ምን ልጠይቀው? የስቴሪዮ ቅጂ ቢያመጣልኝስ ሕጉ ይለወጣል?

መርፌና ሸክላ፦

የሁለቱን ሌብሎች ፎቶ፣ የሁለቱን ባዶ ቀለበቶች ፎቶ መብራቱ ከጎን ሆኖ፣ የሽፋኑን ጀርባ የታችኛውን ክፍል፣ የሽፋኑንም ጀርባ ስፌት ጠይቀው። ቀለበቱን ፎቶ ማንሳት ካቃተው ያየውን ፊደል ሁሉ ከነሰረዙ ይጻፍልህ። "ጆሮ አለው ወይ?" ብለህ አትጠይቀው፤ "አለው" ይልሃል። "ከማትሪክስ ቁጥሩ ሌላ ምን ይታያል?" በለው።

ስቴሪዮ ከሆነ ቁጥሩ ፊት 8 ይጨመራል፤ 4157 የነበረው 84157 ይሆናል፤ የሌብሉም መለያ ከ"ቢ ኤል ፒ" ወደ "ቢ ኤስ ቲ" ይቀየራል። የጆሮዋ ሕግ ያው ነው። የሞኖና የስቴሪዮ ሽፋን በመልክ ስለሚመሳሰል በስድሳ ዓመት ውስጥ ሸክላና ሽፋን ይቀያየራሉ፤ ሽፋኑ 84157 እያለ ውስጡ 4157 ካገኘህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ተጋብተዋል ማለት ነው።

በተለይ ከ1500ዎቹ ቁጥሮች ተጠንቀቅ። በሞኖ ብቻ የወጡትን ቆየት ያሉ አልበሞች ሊበርቲ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ወደ ስቴሪዮ አስመስሎ 81500ዎቹ አድርጎ አወጣቸው። ሽፋኑ ላይ "ኤሌክትሮኒካሊ" የሚል ቃል ካየህ እለፈው፤ መለከቱ ከባዶ በርሜል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ሽፋንና የውስጥ ወረቀት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደሉም። "43 ዌስት 61ኛ" የሚል ሽፋን ለ1964 ትክክል ነው፤ ግን ሊበርቲ የተረከበው ሌብል ብቻ ሳይሆን ሽፋንም ነበር። የውስጥ ወረቀቱማ በሰከንድ ይቀየራል። "27 ዓመት" የሚል የብሉ ኖት የውስጥ ወረቀት የ1966 ነው፤ በ1958 ሸክላ ውስጥ ከተገኘ አንድ ሰው አስገብቶታል።

የጃፓን ድጋሚ ሕትመቶችም አሉ፤ የኪንግና የቶሺባ ኩባንያዎች። አሮጌውን ሌብል ከነአድራሻው ቀድተው ያትማሉ፤ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። ባዶው ቀለበት ላይ ግን ጆሮ የለም፣ የቫን ጌልደርም ማህተም የለም። ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ብዙ ሰው ያታለለው "ሌክሲንግተን" ይኸው ነው።

አንድ ልዩነት ልጨምር፦ ከ1967 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡ አልበሞች ጆሮ አይጠበቅባቸውም። የእነሱ የመጀመሪያ እትም የሊበርቲው ነው።

ሰማያዊ ገጽ፦

የጆሮው ትምህርት ለብሉ ኖት ነው፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ስትሻገሩ ይዛችሁት አትሂዱ። የማይልስ ዴቪስን "ካይንድ ኦቭ ብሉ" ውሰዱ። የወጣው ኦገስት 1959 በኮሎምቢያ ኩባንያ ነው፤ ሞኖው ሲ ኤል 1355፣ ስቴሪዮው ሲ ኤስ 8163። ሌብሉ ላይ ስድስት የዓይን ምልክት አለ። ነገር ግን ባለ ስድስት ዓይኑ ሌብል እስከ 1962 ስለዘለቀ "ስድስት ዓይን ነው" ማለት "የመጀመሪያ ነው" ማለት አይደለም። የተሻለው ምልክት ሁለተኛው ገጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች የሁለቱ ሙዚቃዎች ቅደም ተከተል ተገልብጦ "ፍላሜንኮ ስኬችስ" ከ"ኦል ብሉዝ" በፊት ተጽፏል፣ ሲጫወት ግን "ኦል ብሉዝ" ይቀድማል።

የማትሪክሱ ጫፍ "1ኤ" ካልሆነ ኦሪጅናል አይደለም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ኮሎምቢያ በአንድ ጊዜ ብዙ ላከር አስቆርጦ በተለያዩ ከተሞች ላሉት ፋብሪካዎቹ ያከፋፍል ነበር። "1ኤ" እና "1ሲ" በአንድ ሳምንት በሁለት ፋብሪካ ሊታተሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ገጽ ትንሽ ፈጠን ማለቱም የመለያ ምልክት አይሆንም፤ ስህተቱ ከቀረጻው ቴፕ ስለሆነ እስከ 1992 ድረስ በሁሉም ሕትመት ላይ አለ።

ትዝታ 45፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ እዚህ ቤት ደጋግሞ የሚጠየቀው የሙላቱ "ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ" ስለሆነ። በ1972 ኒው ዮርክ፣ ዎርዚ በሚባል ኩባንያ የወጣ ነው፤ እዚያው አሜሪካ ስለተሠራ አንዳንዱ ሰው ጆሮና የቫን ጌልደር ማህተም ይፈልግበታል። አታገኙም፤ ከብሉ ኖት ጋር ግንኙነት የለውም። የሚያስፈልገው ስትራት ከሚባለው ኩባንያ የ2017 ድጋሚ ሕትመት መለየት ብቻ ነው። ባርኮድ ካለ፣ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ፣ የፈቃድና የኮፒራይት ጽሑፉ የቅርብ ዓመት ከያዘ አዲሱ ነው። በ1972 ሸክላ ሽፋን ላይ ባርኮድ የሚባል ነገር አልነበረም።

የአምሃ ሬከርድስ 45 ዙሮችም የራሳቸው ዓለም ናቸው። ከ1969 እስከ 1975 ሲወጡ ሕትመቱ ውጭ አገር ነበር፣ መጀመሪያ ሕንድ በኋላም ሊባኖስ። ስለዚህ የሌብሉ ቀለምና ወረቀት ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ቢለያይ የሐሰት ምልክት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከዕድሜው ይልቅ የሚያስፈራው ሁኔታው ነው፤ ብዙዎቹ በቡና ቤትና በቤት ማጫወቻ በከባድ ክንድ ስለተጫወቱ የድምፅ ቦያቸው ተበልቷል። ገጹ ቢያብረቀርቅም ሳክስፎኑ ከፍ ሲል የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ እጥበት አያድነውም።

እጥበት ካነሳን፦ ላስቲኩን ሸክላ በተጣራ ውኃ፣ ጥቂት አልኮል ጨምራችሁ ማጠብ ትችላላችሁ፤ ሌብሉን አታርጥቡ። አሮጌውን የ78 ዙር ሸክላ ግን አልኮል አታስነኩት። እሱ ላስቲክ ሳይሆን ሼላክ የሚባል ሙጫ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል።