ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ለጀማሪ ጸሐፊዎች

በእንግሊዝኛ መጻፍ ለሚጀምር ሰው ከተማችን ውስጥ የትኛው የመማሪያ መንገድ እንደሚሻል ለጠየቃችሁ ሁሉ፣ የእኔ ዋና መመዘኛ የተማሪውን ጽሑፍ መስመር በመስመር አይቶ የሚያርም ሰው መኖሩ ነው።

የቋንቋ ማሠልጠኛዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ንግግር ላይ በመሆኑ አፍ ለመፍታት ይጠቅማሉ፤ ኮማና ካፒታል ሌተር (ትልቅ ፊደል) ግን በንግግር ስለማይታዩ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት በሳምንት ስንት አንቀጽ ጽፋችሁ እንደሚታረምላችሁ ጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ለሌላ አቆዩት።

እኔ የማስቀድመው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ እንግሊዝኛ ከሚያጠኑ ተማሪዎች መካከል ጎበዝ አስጠኚ መያዝን ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትበትን ቦታ ራሱም አልፎበታልና ቶሎ ያየዋል። «ዝናቡ ዘነበ፣ መንገዱ ጨቀየ» ብለን በነጠላ ሰረዝ ብናያይዝ በአማርኛ አያስነቅፍም፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ኮማ ብቻውን ሊያያይዛቸው ስለማይችል፣ ወይ በነጥብ መለየት፣ ወይ በሴሚኮለን (;) ማያያዝ፣ ወይም ከኮማው በኋላ እንደ «ኤንድ» (እና) ወይም «በት» (ግን) ያለ መስተጻምር ማስገባት ያስፈልጋል። እንዲሁም በአማርኛ «መጣ» ስንል ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስላለ፣ ጀማሪው በእንግሊዝኛም «ሂ» ወይም «ኢት» የሚለውን ሳያስገባ ያልፋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይለይም ጀማሪው የሰውና የቦታ ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል።

ከመጻሕፍት የሬይመንድ መርፊን «ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ» እመክራለሁ። ቀይ ሽፋን ያለው ሲሆን በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ ይዟል። ሰማያዊው «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ለመካከለኛ ደረጃ የተዘጋጀ ስለሆነ ጀማሪው በእርሱ ባይጀምር ይሻላል። መልስ ያለውና የሌለው እትም ስላለ ለብቻው የሚያጠና ሰው መልስ ያለውን ይምረጥ፤ ያገለገለ የሚገዛም መልመጃዎቹ በእስክሪብቶ ተሞልተው እንዳይሆኑ ገልጦ ይይ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ስለ ኮማ አጠቃቀም ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሌለው አስጠኚውን አይተካም።

በነፃ ለመማር የብሪቲሽ ካውንስል «ለርን ኢንግሊሽ» ድረ ገጽ ከኤ1 (ከመጀመሪያው) ደረጃ ስለሚጀምርና የጽሑፍ ናሙናዎች ስላሉት ጥሩ ነው። «ግራመርሊ»ን የመሰሉ አራሚ መተግበሪያዎችን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ተማሪው ስሕተቱን ሳይረዳው በአንድ ንክኪ ተስተካክሎ ያልፋል።

አስጠኚ የያዛችሁ በየመስመሩ መካከል ሰፊ ቦታ ትታችሁ ጻፉ፤ እርሱም ስሕተቱን በቀይ ከማስመር በቀር ትክክለኛውን እንዳይጽፍላችሁና እናንተው ራሳችሁ አስተካክላችሁ መልሳችሁ እንድታሳዩት አስቀድማችሁ ተስማሙ።