የደከረንስና የአሲዳማ አፈር ጥናቴን ለየትኛው የአካባቢ ሳይንስ ጆርናል ልላክ?

ጥያቄ ያቀረበው፦ ቀይ አፈር (እንጅባራ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደከረንስ የተባለው የአካሽያ ዛፍ በአፈር አሲዳማነት ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመለከት የማስተርስ ጥናቴን አጠናቅቄ ለኅትመት እያዘጋጀሁት ነው። አዊን ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ገበሬው ደከረንሱን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን ወደ ጤፍ ይመልሰዋል። እኔም በዕድሜ ከሚለያዩ የደከረንስ ማሳዎች፣ ከአጠገባቸው ካሉ የእህል ማሳዎችና ከሰል ከተከሰለባቸው ቦታዎች የአፈር ናሙና ወስጃለሁ።

ያስቸገረኝ የጆርናል ምርጫ ነው። የትልልቆቹን ጆርናሎች የቅርብ እትሞች ስመለከት ርዕሱ ሁሉ ማይክሮፕላስቲክ፣ ፒፋስ የሚባሉት በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችና ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒዩተር ከመረጃ ራሱ የሚማርበት ዘዴ) ሆኖ አገኘዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዛሬ የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ማን ያነባል? የሳተላይት ምስልና ማሽን ለርኒንግ ጨምርበት» ሲል መክሮኛል። ነገሩ እውነት እንዲህ ከሆነ በጎጃም አፈር ላይ የምንሠራ ሰዎች ምን እናድርግ? የአንድ ጆርናል ትክክለኛ የትኩረት አቅጣጫስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። ጆርናሎች ስለ ዓላማቸው የሚጽፉት መግለጫ ሁሉንም ነገር ለማቀፍ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ያለፉትን ሁለት ዓመታት የርዕስ ማውጫ ከፍቶ በትዕግሥት ማንበብ ነው፤ ስንቱ ጽሑፍ የአፈር እንደሆነ፣ ስንቱ በመስክ ልኬት ስንቱ በሞዴል እንደተሠራ፣ ከአንድ ወረዳ ወይም ከአንድ ተፋሰስ የተገኘ ጥናት ጨርሶ ይታተም እንደሆነ ከዚያ ይታያል። በራስዎ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የጠቀሷቸው ሥራዎች የት እንደታተሙ ማየትም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

የጠቀሷቸው ርዕሶች ድንገት የመጡ አይመስሉኝም። ኢንቫይሮንመንታል ሳይንስ ኤንድ ቴክኖሎጂ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ኬሞስፌርና ሳይንስ ኦቭ ዘ ቶታል ኢንቫይሮንመንት ደግሞ በ1972 ነው። ዘመኑ ዲዲቲና የፋብሪካ ፍሳሽ ዓለምን ያሳሰቡበት ስለነበረ እነዚህ ጆርናሎች ከመነሻቸው የብክለት ኬሚስትሪ ቤት ናቸው። በ2004 በሳይንስ መጽሔት ከወጣው ጥናት በኋላ ማይክሮፕላስቲክ የሚለው ቃል ሲስፋፋ በእነርሱ ዘንድ ቦታ ማግኘቱ የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ የአዊ አፈር በአዲስ ፋሽን ተገፍቶ የወጣ ሳይሆን ቤቱ ቀድሞም ሌላ ዘንድ ነበር። ጂኦደርማ ከ1967፣ ካቴና ከ1973፣ አግሮፎረስትሪ ሲስተምስ ከ1982 ጀምሮ የሚታተሙት እንደ እርስዎ ላለ ሥራ ነው።

መልስ፦ የጮቄ ጎረቤት (ደብረ ማርቆስ)

በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የባልደረባዎ ምክር በደንብ መመርመር ያለበት ይመስለኛል፤ በእኛ ተፋሰሶች ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰ አሠራር ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የላንድሳት ሳተላይት ምስል በነጻ ሲለቀቅ፣ ከ2015 በኋላም ሴንቲኔል ሁለት ሲጨመር፣ ወደ መስክ ሳይወጡ የአፈር መሸርሸር ካርታ ማዘጋጀት ቀላል ሆነ። የሚሸረሸረውን አፈር በሚገምተው ሩስል (RUSLE) በተባለው ቀመር ተሠርተው የተፋሰሱ ስም ብቻ የተለወጠባቸው ጽሑፎች ተበራከቱ። ቀመሩ ግን የሚያሰላው ከማሳው ላይ በስሱ የሚታጠበውን አፈር እንጂ ቦረቦሩን አይደለም። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ደብረ ማዊን ያየ ሰው፣ ከብት የሚውጥ ቦረቦር ማሳ ሲቆርጥ የተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ካርታ ምን ያህሉን እንደሚተው ይገባዋል። አርታኢዎችም በልኬት ያልተረጋገጠ የሩስል ካርታ ሲደርሳቸው ወደ ገምጋሚ ሳይልኩ የሚመልሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በአንጻሩ በደምበጫ አቅራቢያ ያለውን የአንጀኒን ተፋሰስ ይመልከቱ። ስፋቱ 113 ሄክታር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ግን ዝናቡ፣ የወንዙ ፍሰትና ደለሉ እየተለካ ስለተመዘገበ ከዚያ የተገኘው መረጃ እስከ ዛሬ በዓለም አቀፍ ጆርናሎች ይሠራበታል። ዝናብ እየደበደበው ከወንዙ ዳር ቆሞ ድፍርሱን ውኃ በጠርሙስ የቀዳ ሰው ሥራ ዕድሜው ረጅም ነው። የእርስዎ ናሙናም የዚህ ወገን ስለሆነ ማሽን ለርኒንግ ለምኖ የሚያገኘው ክብር የለም፤ የናሙናው ቁጥር አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚነቅፈው ማሽን ለርኒንጉን ነው።

የሚያስፈልግዎ ከፋግታ ለኮማ ውጭ ያለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «በዚህ ወረዳ ፒኤች ይህን ያህል ሆነ» የሚል ጽሑፍ የወረዳው ሪፖርት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ዛፉ ሲያድግ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ከማሳው ሁሉ ይሰበስባል፤ እንጨቱ አንድ ቦታ ተከምሮ ሲከስል እነዚህን የያዘው አመድ እዚያው ይቀራል። ታዲያ ከሰል የከሰለበት ቦታ አሲዳማነቱ ሲቀንስ የቀረው ማሳ ምን ይሆናል? አንዱ ጥግ በሌላው ኪሳራ እየለማ ይሆን? ናሙናዎ ሁለቱንም ስለያዘ ይህን ለመመለስ የሚችሉት እርስዎ ነዎት፤ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ስለሚጎዳም ለጤፉም አሲዳማነትን ለመቀነስ ለሚጨመረው ኖራም መልስ አለው። በደቡብ አፍሪካና በቬትናም የአካሽያ ዛፍ በስፋት ስለሚተከል እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ያነቡታል።

መልስ፦ ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ስለ ክፍያና ስለ ጆርናሉ ደረጃ ባጭሩ። ኢምፓክት ፋክተር ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ያሳያል እንጂ ስለ እርስዎ ጽሑፍ ምንም አይናገርም። ከፍ ያለ መሆኑም ዋስትና አይሆንም፦ በመጋቢት 2023 በአካባቢና በኅብረተሰብ ጤና ላይ በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ጽሑፍ ያሳትም የነበረ ጆርናል፣ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ኬሞስፌር ዌብ ኦቭ ሳይንስ ከተባለው የጆርናሎች ዝርዝር ተሰርዘዋል። ስለዚህ በላኩበት ዕለት ዝርዝሩን ራስዎ ገብተው ይመልከቱ፤ በጆርናሉ ገጽ ላይ የተለጠፈው አርማ አይበቃም።

ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት ለሆኑ (ማንም በነጻ ለሚያነባቸው) ጆርናሎቻቸው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ክፍያ አይጠይቁም፤ ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ አለች። ጥያቄው ግን ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ መቅረብ አለበት፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲጠየቅ የሚከለክሉ አሉ። በክፍትም በደንበኝነትም ለሚያሳትሙት ጆርናሎች ደግሞ በደንበኝነት የሚነበበውን መንገድ ከመረጡ በአብዛኛው ክፍያ የለም።

ጠያቂው፦ ቀይ አፈር (እንጅባራ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአመዱን ጉዳይ በውይይት ክፍሉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ብቻ ነክቼው ነበር፤ አሁን ዋናው ጥያቄ አድርጌ ጽሑፉን እንደገና አዋቅረዋለሁ። ለየጮቄ ጎረቤት አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከሰል የከሰለባቸው ቦታዎች ዕድሜያቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹም ታርሰዋል። አንድ ላይ ልቁጠራቸው?

መልስ፦ የጮቄ ጎረቤት (ደብረ ማርቆስ)

አይቁጠሯቸው። የታረሰው አፈር አመዱ ስለተበተነ ለብቻው ይቀመጥ፤ ያልታረሱትን ከባለማሳዎቹ ጠይቀው በከሰሉበት ዓመት ይለዩአቸው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ደከረንሱን ስለመታው ሳይደርስ የተቆረጠ ማሳ ካለም ይመዝግቡት፤ ከማሳው የወጣው እንጨት መጠን ስለሚለያይ ገምጋሚው ይህን መጠየቁ አይቀርም።