«ተቀምጠው ይመርቁ» ማለት ምን ማለት ነው?

የአባቱ ልጅ፦ እሁድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ አባላት የ3 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ የገበጣና የሽለላ ውድድር ይዘጋጅ ተባለ። አንዱ የኮሚቴ አባል ተነስቶ «አዛውንት ተቀምጠው ይመርቁ እንጂ ይሮጣሉ እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ። አባቴ አጠገቤ ነበር። 68 ዓመቱ ነው፣ ሸራ ጫማ ከገዛ ገና ሳምንቱ። ምንም ሳይል ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። እናንተ ብትሆኑ አትናደዱም?

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ በክፋት አልተናገረም። መመረቅ በእኛ አገር ማዕረግ ነው። ደግሞስ ግማሾቹ ግፊት አለባቸው። አንዱ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?

ሸገር በእግሬ፦ እድር አይደል? ድንኳኑ እዚያው አለ።

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሸገር በእግሬ፦ አልቀለድኩም። ቁጭ ብለው የሞቱትን ስንቀብር ነው የኖርነው። በሩጫ የሞተ ቀብረን እናውቃለን?

ነርሷ፦ ግፊት ያለበት አይንቀሳቀስ ያለው ማነው? እርምጃ ለግፊትም ለስኳርም ይመከራል። አደጋው ሳይለማመዱ አንድ ቀን ተነስቶ መፎካከር ነው። ቀድመው ይለኩ፣ ደረታቸውን ካፈናቸው ያቁሙ። መድኃኒቱን ሳይውጥ የሚመጣ ደግሞ አይጠፋም።

ሯጭ ነበርኩ፦ ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲያመጣ 40 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ተቀምጠው ይመርቁ በሏቸው እንግዲህ!

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ቀነኒሳን ከአጎቴ ጋር? አጎቴ ሲሮጥ ያየሁት አንድ ቀን ታክሲ ሊይዝ ነው። እሱም አመለጠው።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እዚህ አሜሪካ ብሔራዊ የአረጋውያን ጨዋታዎች አለ፣ በየሁለት ዓመቱ። ከ50 ዓመት ይጀምራል፣ በ5 በ5 ዓመት ተከፋፍለው ነው የሚወዳደሩት። የ70ው ከ50ው ጋር አይሮጥም። አጎትህም እኩያው ይፈለግለታል።

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ዕድሜውን በምን ታረጋግጣለህ? መታወቂያው ላይ 62፣ ስትጠይቀው «ጣሊያን ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር»። ጡረታ እንዳይደርስበት ስንቱ ነው የቀነሰው!

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እሱስ እውነት ነው። እዚህ የእኛ ሰው ግማሹ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ፋውጃ ሲንግ የሚባሉት ትውልደ ሕንድ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ቶሮንቶ ላይ 100 ዓመቴ ነው ብለው ማራቶን ጨረሱ። የልደት ወረቀት ስለሌላቸው ጊነስ አልመዘገበላቸውም።

ሯጭ ነበርኩ፦ ምሩፅ ይፍጠርንም ዕድሜህ ስንት ነው እያሉ ሲጨቀጭቁት፣ ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ብሏል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠራርጎ ወሰደ። ወረቀት ማን ጠየቀው?

የእማዬ ልጅ፦ ስለ ሩጫ ብቻ ትጨቃጨቃላችሁ። የሴቶቹን ዝርዝር ያየ አለ? ሽለላው ለወንድ፣ ገበጣው ለወንድ። ለእናቶች «ጥጥ መፍተልና ዳቦ መድፋት»። እማዬ ስትሰማ «ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ደግሞ ልፎካከርበት?» አለች። እሷ ቀረርቶ ስታወርድ እኮ ሠርግ ቤቱ ጸጥ ነው የሚለው።

የአባቱ ልጅ፦ እሱን ለብቻው እናንሳው፣ አሁን ስለ አባቴ ነው የማወራው።

የእማዬ ልጅ፦ አየህ! አንተም እሷን ተቀምጣ ትመርቅ ነው ያልከው።

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ዳቦ መድፋት ምን ነውር አለው? ሽልማቱ እንደሆነ ለሁሉም እኩል ነው፣ ጋቢ።

ሸገር በእግሬ፦ ጋቢ! ተቀምጠው ሲመርቁ ይለብሱታላ።

ነርሷ፦ ስለ ግፊቱ ያነበበኝ አለ ግን?

የአባቱ ልጅ፦ አባቴ ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ ሜዳውን አራት ጊዜ ዞረ። ጉልበቱን ይዞ ነው የገባው። «ለዚያ ልጅ አልተመዘገብኩም በለው» አለኝ። ጫማውን ግን በር ላይ ነው ያስቀመጠው።

የኮሚቴው ወዳጅ፦ ያው፣ ጉልበቱን ይዞ።

ሸገር በእግሬ፦ አራት ጊዜ የሚለውን ዘለልከው?