ጥቆማ ፈለግሁ፦ ለሰርግ ሥራ ሶኒ ኤ7 ስሪ ወይስ ኤ7 ፎር?

ሐዋሳ_ሌንስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሐዋሳ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና አነሳለሁ። እስከ ዛሬ እንጀራ የበላሁት በኒኮን ዲ750 ነው፤ አልበደለኝም። አሁን ግን ደንበኛ ሲመጣ ፎቶና ቪዲዮ አንድ ላይ ነው የሚጠይቀው። በዲ750 ቪዲዮ እየቀረጹ ፎከስ መከተል ደግሞ መከራ ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ ይደበዝዝና ከኋላዋ ያለው ዘንባባ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ልሻገር ነው። አንዱ ምርጫዬ ያገለገለ ኤ7 ስሪ ነው፣ ሌላው ኤ7 ፎር። ለፎሩ ብሩ ይደርሳል፤ ግን ለሌንስ የሚተርፈኝ የለም። ስሪውን ከያዝኩ አንድ ደህና ሌንስ ይጨመራል። በሁለቱም የሠራችሁ ንገሩኝ። የሚታመን ሻጭም ጠቁሙኝ።

ተክሊል_ቪዲዮ፦
ቪዲዮ ካለበት ፎር። አትድከም።

ካኖን_ብቻ፦
ካኖን አር6ን ለምን አታየውም? የሐበሻ ቆዳ ላይ የካኖን ቀለም ሌላ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ከካኖን ወጥቼ አላውቅም።

ሐዋሳ_ሌንስ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የሶኒ ሌንሶች አሉት። እየተዋዋስን ነው የምንሠራው። ከሶኒ መውጣት አልችልም።

ካኖን_ብቻ፦
ቢሆንም እየው።

ጥላና_ብርሃን፦
ያገለገለ ስሪ ልትገዛ ነው? እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ከዚያ ትወስናለህ።

ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። ካፌ ተቀጣጠርን። ሰውየው ትሁት ነው። «ዓመት አልሞላውም፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ሻተር ካውንቱ 30 ሺህ» አለኝ፤ እስካሁን ያነሳው ፎቶ ብዛት ማለቱ ነው። ቦዲው እንደ መስታወት ተወልውሏል፤ ጭረት የሚባል የለውም። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለት ፎቶ አነሳሁ፤ ጥሩ ነው። ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ሰርግ እንጦጦ ነበር። ጠዋት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐዩ ስለበረታ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ኤፍ 11 ላይ አድርጌ አነሳሁ። ማታ ላፕቶፑን ስከፍት ከሰማዩ ተነስቶ እስከ ሙሽራዋ ቬሎ ትከሻ የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር አየሁ። ፀጉር መሰለኝ። ቀጣዩን ፎቶ ከፈትኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ አለ። የሚቀጥለውም ላይ አለ። ሴንሰሩን በማንፊያ ነፋሁት፣ አልሄደም። ለካ የሴንሰሩ መስታወት ተጭሯል። ካፌ ውስጥ ያነሳኋቸው ሁለቱ ፎቶዎች ሌንሱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ጭረቱ አልታየም።

ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። እስካሁንም ዝግ ነው። መስመሩን ከአራት መቶ በላይ ፎቶ ላይ አንድ በአንድ አጠፋሁ። ስምንት ሌሊት ፈጀብኝ። ሙሽሮቹ ከጫጉላ ተመልሰው ፎቶው የት ደረሰ ሲሉኝ አፍሬ ስልክ አላነሳሁም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

መገናኛ_ኪራይ፦
ማኪያቶ እየጠጣህ፣ በሁለት ፎቶ ያን ሁሉ ብር ከፈልክ? ሰው እኮ በግ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ዳብሶ ነው። አንተ የበጉን ያህል እንኳ አላየኸውም!

ጥላና_ብርሃን፦
እውነት ነው፣ አላየሁትም። ሰው አምኜ ነው። ሌላው እንዳይበላ ብዬ ጻፍኩት እንጂ ለመሰደብ አልነበረም።

ጀማሪ_ከአዳማ፦
አይዞህ ወንድሜ። የሻጩን ስም አውጣና ሌላው ይጠንቀቅ።

ጥላና_ብርሃን፦
ስም አላወጣም። የሰጠኝም የእውነት ስሙ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቅዳሜ_ሠርገኛ፦
እኔም ተሸውጄ ነበር። ካሜራው ሰላም ነው፤ ሜኑው ግን ጃፓንኛ ብቻ ነው። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚያወጣው ቋንቋ አይቀየርም። ስድስት ወር ሙሉ በምልክቶቹ እየገመትኩ ሠራሁ። ስትገዙ መጀመሪያ ሜኑ ገብታችሁ እንግሊዝኛ መኖሩን እዩ።

የፒያሳ_ደንበኛ፦
እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ከማይታወቅ ሰው ሲገዛ ነው። እኔ አንድ ሻጭ ብቻ ነው የማውቀው። አባቴ የፊልም ጥቅል ይገዛው የነበረው ከሱ አባት ነው። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁ ተነሳ፤ የሄደበት ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ዕቃው ከሌሎች ይወደዳል። ግን እሱ «ይሄ ጥሩ ነው» ካለ ጥሩ ነው። ሁለቱም ካሜራዎች አሉት።

መገናኛ_ኪራይ፦
ዋስትና ይሰጣል?

የፒያሳ_ደንበኛ፦
ቃሉ ይበቃኛል።

መገናኛ_ኪራይ፦
የሻተር ካውንቱን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል ወይ?

የፒያሳ_ደንበኛ፦
ጠይቄው አላውቅም። መጠየቅም አያስፈልገኝም። ሃያ ዓመት ገዝቼበታለሁ።

ሐዋሳ_ሌንስ፦
ጥላና ብርሃን፣ የደረሰብህ አሳዝኖኛል። የኔ ጥያቄ ግን ወደ ጎን ሄደ። ሁለቱንም ይዞ የሠራ ሰው የለም?

ኤዲት_ሌሊቱን፦
እኔ አለሁ። ስሪን ሦስት ዓመት ሠራሁበት፤ አሁን ፎርን ጨምሬ በሁለቱም እሠራለሁ። ቪዲዮውን የማቀናብረውም ራሴ ነኝ። ስለዚህ ጉዳቱንም ጥቅሙንም ማታ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ስል አየዋለሁ።

ከፎቶው ልጀምር። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ስሪ 24 ሜጋፒክስል ነው። በ2021 መጨረሻ የመጣው ፎር 33 ነው። በታተመ አልበም ላይ ልዩነቱን ያወቀልኝ ደንበኛ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሻማና በጭላንጭል ብርሃን ሳነሳም ሁለቱ ለኔ እኩል ናቸው። ፎር የሚጠቅመኝ ፎቶ ቆርጬ ሳሳድግ ነው። በዚያ ላይ ፋይሉ ይከብዳል፤ ላፕቶፕህ የቆየ ከሆነ ያቃስታል። ዓይን የሚከተለው ፎከስ ስሪ ላይም ለፎቶ ይሠራል። በ2019 በመጣው 3.0 ማሻሻያ ብዙ ተስተካክሏል፤ የምትገዛው ላይ መጫኑን ሜኑ ውስጥ አረጋግጥ።

ልዩነቱ ያለው ቪዲዮው ላይ ነው። ስሪ ሲቀርጽ ፊት ይከተላል፣ ዓይን ግን ለይቶ አይከተልም። ፎር በቪዲዮም ዓይን ይዞ ይሄዳል። ያልከው የመኪናው ጉዳይ፣ ሙሽራዋ በአጀብና በእልልታ መካከል ስትመጣ፣ ፎር አይለቃትም። ስሪም ከዲ750ህ በጣም ይሻልሃል፤ ግን አንድ ሚዜ ፊቷ ካለፈ አንዳንዴ ሚዜውን ተከትሎ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቀለም። ስሪ የሚቀርጸው በ8 ቢት ነው፤ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ማለት ነው። ፎር 10 ቢት አለው፤ 1024 ደረጃ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም። አዳራሽ ግባና ግድግዳ ላይ የሚለቁትን ወይን ጠጅ መብራት ቅረጽ። ስሪ ላይ በሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዘዝ ተደርጎ በሚቀረጽበት) ቀርጸህ ቀለም ስታስተካክል ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር ይሆናል። ፎር ላይ ለስልሶ ይወጣል። ለነጭ ልብስ ግን ሁለቱም ላይ ተጠንቀቅ። የመልስ ቀን ሁሉም ነጭ በነጭ ነው፤ ዜብራውን፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳይህን፣ አብራው። ነጠላው አንዴ ከነደደ ጥለቱ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ያንን የሚመልስ ኤዲተር የለም።

ስሎሞሽን ከፈለግህ ስሪ በ4ኬ ከ30 ፍሬም አያልፍም። ፎር እስከ 60 ይሄዳል፤ ግን ምስሉን 1.5 ጊዜ ያጠበዋል። 24 ሚሊሜትር ሌንስህ እንደ 36 ይሆናል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለህ።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝን ልንገርህ። ስሪ በአንድ ጊዜ ከ29 ደቂቃ በላይ አይቀርጽም። ተክሊል ላይ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ በሌላው ፎቶ አነሳ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ስክሪኑ ላይ የቀረጻው ምልክት የለም። ካህኑ አክሊሉን ሙሽራው ራስ ላይ እየጫኑ ነው። ሮጬ ነካሁት፤ ቀጠለ፤ ግን የአክሊሉ መጀመሪያ አመለጠኝ። ፎር ይህ ገደብ የለበትም። ስሪ ከገዛህ ስልክህ ላይ የ25 ደቂቃ ማንቂያ ሙላ። እኔ አሁንም እሞላለሁ።

ሌላውን በአጭሩ ልጨርስ። የፎር ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፣ የስሪ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ፎር ትልቁን ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፤ ወደ አዳራሹ ስክሪን በቀጥታ የምታስተላልፍ ከሆነ የስሪዋ ትንሽ ቀዳዳ ገመዱ ሲጎተት ቶሎ ትላላለች። ሁለቱም ሁለት ሜሞሪ ይይዛሉ፤ ለሰርግ ሁለቱም ላይ ይጻፍ፣ አደራ። ባትሪያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በፋብሪካው መለኪያ በስክሪን ሲሠራ ስሪ 710፣ ፎር 580 ፎቶ ያነሳል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገቢህ በአብዛኛው ከፎቶ ከሆነ ስሪና ጥሩ ሌንስ። ቪዲዮው እያደገ ከሄደ ፎርን ያዝና ለጊዜው በጓደኛህ ሌንስ ሥራ።

ሐዋሳ_ሌንስ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ 29 ደቂቃው የነገረኝ አልነበረም።

ተክሊል_ቪዲዮ፦
እኔም ፎር ያልኩት ለዚያ ነው፤ ማብራራት ነበረብኝ። አንድ ነገር ልጨምር። የቱንም ግዛ፣ ሜኑው ውስጥ ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ላይ አድርገህ በ25 ፍሬም ቅረጽ፣ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ያዝ። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ60 ሻተር ከቀረጽክ የአዳራሹ መብራት ይርገበገብብሃል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ የነሱ ሥርዓት በሆነው ኤንቲኤስሲ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሜኑ ውስጥ ይቀየራል፤ ስሪ ላይ ከዚያ በኋላ በከፈትከው ቁጥር በፓል እየሠራ መሆኑን ይነግርሃል። ብልሽት አይደለም፣ አትደንግጥ።

ጀማሪ_ከአዳማ፦
ይቅርታ፣ በስልክ ሰርግ ማንሳት ይቻላል? አይፎን አለኝ።

ካኖን_ብቻ፦
ያገለገለ ካኖን ግዛ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ነኝ። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ቤተሰብም ጓደኛም ካሜራ ላክልን ነው የሚለኝ። ያገለገለ ስትገዙ አትላንታ አካባቢ ያለውን ኬኢኤች የሚባል ያገለገለ ካሜራ ሻጭ እዩ፤ የ180 ቀን ዋስትና ይሰጣል። ቢኤንድኤች የሚባለው የካሜራ መደብር ኒውዮርክ ነው፤ ባለቤቶቹ ሰንበት ስለሚያከብሩ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረገጹም ትእዛዝ አይቀበልም። ሁለቱ ካሜራዎች አዲስ ሲወጡ ስሪ 2000፣ ፎር 2500 ዶላር ገደማ ነበሩ። ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ወደ ታች በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም። አንድ ነገር ግን አስቡበት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ካሜራ ቢበላሽ ዋስትናውን ለመጠቀም መልሶ መላክ ነው።

ጋሼ_ፊልም፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ጥላና ብርሃን ልጄ፣ አንተ ላይ የደረሰው እኛም ላይ በፊልሙ ዘመን ደርሷል፤ ያኔ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ነበር። ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። የራሳችሁን ሌንስና ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ ዝጉት፣ ፎከሱን አጥፉት፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ከዳር እስከ ዳር እዩ። ክብ ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። መስመር ካያችሁ ተነሱና ሂዱ። ሁለቱንም የሜሞሪ ቦታ ሞክሩ። ፍላሽ ጫኑበት፣ ይብራ። አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ፣ ስሪ ከሆነ ሲያቆም መልሳችሁ እያስጀመራችሁ፣ ቅረጹበት። ያነሳችሁትን ፎቶ ምንም ሳትነኩ ሻተር ካውንት በሚያነብ ድረገጽ አስገቡት፤ ቁጥሩን ከሰው አፍ አትቀበሉ። የስሪ ሻተር የተገመተለት ለ200 ሺህ ያህል ነው። ይህን ሁሉ ስታደርጉ የሚቆጣ ሻጭ ካለ መልሱ ያ ነው።

ጥላና_ብርሃን፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ምነው ያኔ ባገኝዎት። የኔንም አሁኑኑ ላየው ነው።

መገናኛ_ኪራይ፦
ጥላና ብርሃን፣ ቅድም ቃሌ ከረረ፤ ይቅርታ። ሐዋሳ ሌንስ፣ አዲስ አበባ የምትመጣ ከሆነ ሁለቱም አሉኝ። ለአንድ ቀን ሁለቱንም ይዘህ ሂድ፣ የአንዱን ኪራይ ትከፍላለህ። አንድ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ሞክራቸው።

ሐዋሳ_ሌንስ፦
ሐሙስ እገባለሁ። ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ሰርግ አለ፣ እዚያው እሞክራቸዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጥላና_ብርሃን፦
አየሁት። 30 ሺህ የተባለው 187 ሺህ ነው።

ቅዳሜ_ሠርገኛ፦
ሐዋሳ ሌንስ፣ ሁለት ሳምንት ሆነህ። የቱን ያዝክ?

ጀማሪ_ከአዳማ፦
እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው፣ የፒያሳው ሰውዬ አዲሱ ሱቁ እሁድ ይከፍታል?

የፒያሳ_ደንበኛ፦
ከቅዳሴ በኋላ ይከፍታል።