ሪፕሊን ለጠረጴዛ ጨዋታ እንዴት ልሥራት?

የገርጂዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ተጫዋቾች አሉኝ፣ ጌም ማስተሯ (ታሪኩን የምመራው) እኔ ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንገናኛለን። እስካሁን የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነበር፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ። ዘንዶውም ጠንቋዩም ስለሰለቸን በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አስፈሪ የጠፈር ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። መነሻዬ የ1979ኙ የሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ነው፦ አንድ የጭነት መርከብ፣ ሰባት ሠራተኛ፣ አንድ ድመት፣ መውጫ የለም፤ ከሰባቱ መጨረሻ ላይ ከጭራቁ የምትተርፈው ሪፕሊ ብቻ ናት።

ችግሬ የአክስቴ ልጅ ነው። «ሪፕሊን ካልሆንኩ አልመጣም» ብሎኛል። እሷን የምትመስል ሳይሆን ራሷን። የሚፈልገውንም በቴሌግራም ዘርዝሮ ልኮልኛል፦ ከመጀመሪያው ፊልም እሳት የሚተፋውን መሣሪያ፣ ከሁለተኛው ቦምብ መወርወሪያ ያለውን ጠመንጃና ቢጫውን ሎደር (ሰው ገብቶበት የሚነዳውን ዕቃ ማንሻ ማሽን)፣ ከአራተኛው ደግሞ አሲድ የሆነውን ደሟን! አራት ፊልም አንድ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ ነው የሚለው።

ከእሱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አራቱም ፊልሙን አይተውታል። ሪፕሊ ጠረጴዛው ላይ ካለች ማን እንደሚተርፍ ከወዲሁ ታወቀ ማለት አይደል? ሌሎቹ ሦስቱ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?

እጄ ላይ ያለው የዳንጀንስ አምስተኛው እትም ነው። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ፍሪ ሊግ የሚባለው የስዊድን አሳታሚ በ2019 ያወጣውን የኤሊየን ጨዋታ መጽሐፍ ገዝቷል። ለአንድ ቀን ጨዋታ አዲስ ሕግ መማር ያዋጣል ወይስ ባለው ልሥራው? ክላሷስ (የሙያ ዓይነቷ) ምን ይሁን፣ ፋይተር (ተዋጊ) ነው ሬንጀር (የዱር አዳኝ)?

ሃያ ጎን

አታካብጂው። ፋይተር፣ ደረጃ 8፣ ኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጥንካሬ) 14። 68 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ይኖራታል። እሳቱን እንደ በርኒንግ ሃንድስ አስማት ቁጠሪው። ጭራቁን ከሞንስተር ማንዋል (ከጨዋታው የጭራቆች መጽሐፍ) አንዱን ወስደሽ ስሙን ቀይሪው፣ ማንም አይነቃም። ሰው የሚመጣው ሊዝናና ነው፤ አዲስ መጽሐፍ ማን ያነብልሻል?

ሞተር ክፍል

ሃያ ጎን ወንድሜ፣ 68 ሂት ፖይንት ያለው ሰው በር የሚፈራው ለምንድን ነው? ገብቶ ይመታል፣ ይመቱታል፣ አረፍ ብሎ ይድናል። ሪፕሊ ግን ሪፕሊ የሆነችው በር ላይ ቆማ «አልከፍትም» ስትል ነው።

የጭነት መርከብ ላይ ሰርድ ኢንጂነር (ሦስተኛ መሐንዲስ) ነኝ፤ የተማርኩት ባቦጋያ፣ የባሕረኞች ማሠልጠኛው ነው። ይህን የምጽፈው ወደብ ገብተን ኔትወርክ ስላገኘሁ ነው፣ ስለዚህ ስጠፋ አትቀየሙኝ። መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ያን ፊልም ሲያየው ሌላ ፊልም ነው። የፊልሙ መርከብ ኖስትሮሞ የጦር መርከብ አይደለችም፤ 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን የምትጎትት የንግድ መርከብ ናት። መካኒኮቹ ፓርከርና ብሬት ስለ ቦነሳቸው ሲነጫነጩ ሳይ የእኛን ሜስ ሩም (መመገቢያ ክፍል) ማን ቀርጾ ወሰደው ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ የፓርከር ወገን ነኝ። ግን ጥያቄው ስለ ሪፕሊ ነው።

ሪፕሊ ዋራንት ኦፊሰር ናት፤ በማዕረግ ከካፒቴኑ ከዳላስና ከምክትሉ ከኬን ቀጥላ ሦስተኛ። ሁለቱ ሌላዋን ሠራተኛ ላምበርትን ይዘው ወጥተው፣ ኬን ፊቱ ላይ ከእንቁላል የወጣ ፍጡር ተለጥፎበት ሲመለሱ፣ መርከቧ ላይ አዛዥ እሷ ናት። ዳላስ በሬዲዮ ክፈቺ ይላታል። እሷ የ24 ሰዓት ኳራንቲን ጠቅሳ እምቢ ትላለች። የከፈተው አሽ ነው፣ ኋላ ሰው መሳይ ሮቦት መሆኑ የታወቀው ሠራተኛ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያች በር ዕዳ ነው።

ይህች በር እኛም ጋ አለች። ባላስት ታንክ (መርከቧን ለማመጣጠን የባሕር ውኃ የሚሞላበት ጋን) ውስጥ ሰው ከመግባቱ በፊት ታንኩ እንዲናፈስ ይደረጋል፣ መለኪያው ወርዶ ኦክስጅኑ 20.9 ካላሳየ የመግቢያ ፈቃዱ አይፈረምም። ብረት ሲዝግ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሁለት ደረጃ ወርደህ ትወድቃለህ። የታንኩ አፍ ላይ ሬዲዮ የያዘ አንድ ሰው ይቆማል። የዚህ ሰው ሥራ፣ ውስጥ ያለው ጓደኛው ሲወድቅ ካየ አላርም መስጠት ነው፤ ከዚያ አለመግባት። ታንክ ውስጥ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ ዘለው የገቡ ናቸው። ልምምድ ላይ እንኳ፣ የወደቀው አሻንጉሊት መሆኑን እያወቀ፣ እግሩን ቀድሞ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ጉልበተኛውና ደጉ ልጅ ነው። ደረቱን ይዘው ይመልሱታል። እሱም ይቆጣል።

ለእኔ ሪፕሊ አፉ ላይ የሚቆመው ሰው ናት። ይህን በፋይተር ደረጃ አትለኪውም።

ስለዚህ የጓደኛሽን መጽሐፍ ውሰጂ፤ ሕጉ በግማሽ ሰዓት ይገባል። ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ብቻ ነው። የባሕርይና የሙያ ነጥብሽን ደምረሽ ያን ያህል ዳይስ ትጥያለሽ፤ አንድ 6 እንኳ ከወጣ ተሳካልሽ። ካልወጣ አንድ ጊዜ ገፍተሽ እንደገና መጣል ትችያለሽ፤ ዋጋው ስትረስሽ (የጭንቀት ነጥብሽ) በአንድ መጨመሩ ነው። በእያንዳንዱ ስትረስ ልክ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጥሻል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ የስትረስ ዳይስ 6 የማግኘት ዕድልሽን ያሰፋል፣ ግን ከእነሱ አንዱ 1 ካሳየ ፓኒክ (ድንጋጤ) ነው። ያኔ አንድ ዳይስ ጥለሽ ስትረስሽን ትደምሪበታለሽ። እስከ 6 ከሆነ ራስሽን ገዝተሻል፤ 10 ከሆነ ባለሽበት ድርቅ ትያለሽ። ላምበርት ጭራቁ ፊት ደርቃ ቀርታ፣ ፓርከር እሷን እንዳያቃጥል ፈርቶ እሳቱን መልቀቅ ያቃተው ትዝ ይላችኋል? ያ ነው 10።

ጤና ከጉልበት ነጥብ ጋር እኩል ነው። ጉልበት 3 ከሆነ ጤናም 3። ከ68ቱ ጋር አስተያዩት እንግዲህ።

ክላሷ ኦፊሰር ይሁን። ለአራቱ ባሕርያት የሚከፋፈል 14 ነጥብ አለ፦ እኔ ብሆን ጉልበት 3፣ ቅልጥፍና 3፣ ብልሃት 4፣ ኤምፓቲ (የሰው ስሜት መረዳት) 4። ከ10ሩ የሙያ ነጥብ ሦስቱን ማዘዝ ላይ አድርጊ። ቀሪዎቹን ሰባት አንድ አንድ እያልሽ በትኛቸው፦ ተኩስ፣ ማግባባት፣ ማስተዋል፣ ኮምፒውተር፣ ማብረር፣ ቅልጥፍና የሚጠይቀው እንቅስቃሴ፣ ከባድ ማሽን። ስታዝ 7 ዳይስ ትጥላለች፤ ቢያንስ አንድ 6 የማግኘት ዕድሏ 72 በመቶ ገደማ ነው። ስትተኩስ ግን 4 ዳይስ፣ 52 በመቶ፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። ሰው ሲፈራ ወደ እሷ ያያል እንጂ ወደ ጠመንጃዋ አያይም።

በሩ ላይ ግን ዳይስ አታስጥይ። ስልክሽ ላይ ሦስት ደቂቃ ሙይ፣ ውጭ የቀሩት በራሳቸው አፍ ይለምኑ፣ ውስጥ ያለው ይወስን። አንዱ ተጫዋች «ፍጡሩ ይግባ» የሚል የምስጢር ካርድ ይያዝ። መጽሐፉ ራሱ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ እንዲህ ያለ የግል ዓላማ ይሰጣል።

ለአክስትሽ ልጅ ደግሞ ሪፕሊን አትስጪው። ለማንም አትስጪ። ፊልሙ የሠራውም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ላይ መሪ ተዋናይ የሚመስለው ዳላስ ነው፤ በስም ዝርዝሩም ቶም ስኬሪት ነው የሚቀድመው፣ ሲጎርኒ ዊቨር ሁለተኛ ናት። ዳን ኦባነንና ሮናልድ ሹሴት ስክሪፕቱን ሲጽፉ ሁሉንም ሠራተኞች ወንድም ሴትም ሊጫወታቸው እንደሚችል አስፍረው ነበር። ስም የሌላቸው ወረቀቶች አዘጋጂ። በሩ ላይ እምቢ ያለው፣ እሱ ነው ጀግናሽ።

የገርጂዋ

ሞተር ክፍል፣ ታንኩን ሳነብ እጄ ላበው። የሦስት ደቂቃዋን ነገር ወስጃታለሁ።

ግን የአክስቴን ልጅ አታውቀውም። ስም የሌለው ወረቀት ብሰጠው እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ሪፕሊ» ብሎ ይጽፍበታል። ደግሞ ማንም በሩን ባይዘጋውስ? አራቱም ደጎች ናቸው፣ «ግቡ ግቡ» ቢሉስ?

ዳላስ ቴክሳስ

(ከተማው ነኝ፣ ካፒቴኑ አይደለሁም።)

እኔ ከሞተር ክፍል ጋር ግማሽ መንገድ ነው የምሄደው። ሰውየው ሪፕሊን ወዶ መጥቷል፣ ለምን ትከለክይዋለሽ? ስጪው፤ ግን የትኛዋን እንደሆነ አንቺ ምረጪ። የሁለተኛውን ፊልም፣ የ1986ቷን የጄምስ ካሜሮኗን፣ እሷንም ፊልሙ ሲጀምር ያለችውን። 57 ዓመት ተኝታ ተንሳፍፋ ነቅታለች፣ የሥራ ፈቃዷን ነጥቀዋታል፣ ያየችውን ስትናገር የሚያምናት የለም፣ ሌሊት በቅዠት ትነቃለች፣ ቀን ወደብ ላይ ዕቃ ትጭናለች። ረዘም ያለውን ቅጂ ያየ ደግሞ ልጇ በ66 ዓመቷ አርጅታ መሞቷን ያውቃል። ጨዋታውን በስትረስ 2 ትጀምር። ጠመንጃ የላትም።

ከዘረዘረው ውስጥ ሎደሩን ብቻ ስጪው። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የምነዳ ሰው ስለሆንኩ አዳልቼ ይሆናል፣ ግን በዚያ ፊልም ከምወዳቸው ቦታዎች አንዱ ወታደሮቹ ዕቃ ሲጭኑ ነው። ልትረዳ ትጠይቃለች፤ ሳርጀንቱ ምን ትችያለሽ ይላታል፤ ሎደሩን እነዳለሁ፣ የሁለተኛ ክፍል ፈቃድ አለኝ ትለዋለች። ትወጣበታለች፣ ያን ግዙፍ ሣጥን ታነሳና የት ላድርገው ትላለች። ወታደሮቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያዩበት ዓይን ሌላ ነው። መጨረሻ ላይ የጭራቆቹን ንግሥት የገጠመችው በዚያው ማሽን ነው። ለዚያ የሚበቃው ከባድ ማሽን ላይ ያለው ነጥብ እንጂ የጦር ችሎታ አይደለም፤ ስለዚህ ከባድ ማሽኗ ከአንድ በላይ እንዲሆን እኔ እፈቅድ ነበር፣ ሕጉ ሲጀመር ከክላስሽ ውጭ ላለ ሙያ ከ1 በላይ ባይፈቅድም።

ፊልሙን ማየታቸው አያሳስብሽ። ፊልሙን ያየ ተጫዋች እንቁላል አጠገብ አይደርስም፣ በቃ። እንቁላሉን አውጪና ሌላ ነገር አስገቢ።

ሃያ ጎን

በሁለታችሁም መሐል የቀረችው የእኔ ፋይተር ናት። እሺ ተሸንፌያለሁ። ግን ማንም በሩን ባይዘጋ ምን ይሆናል የሚለውን አልመለሳችሁላትም።

ሞተር ክፍል

ካልዘጉት ይገባላ! ፊልሙ ውስጥስ ተዘጋ እንዴ? እምቢ ማለት ያለበት አንድ ሰው ነው፤ መታዘዝ ያለበት የለም። አንድም ሰው «ኧረ ቆይ» ካላለ ደግሞ ጀግና የለሽም ማለት ነው፤ ታሪኩ ያለ ጀግና ይሂድ፣ ሁሉም ይሙቱ። ለአንድ ቀን ጨዋታ ይህ መጥፎ መጨረሻ አይደለም።

የዳላስ ሐሳብ ለተከታታይ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ስትረስ 2ቷን ወድጃታለሁ። ለዚህ ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። የአክስትሽን ልጅ አሽ አድርጊው።

ሪፕሊን ያን ያህል የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያሸንፋት ያውቃል። ብቻውን ጥሪውና ካርዱን ስጪው፦ ሰው አይደለህም፣ ኩባንያው ፍጡሩን ይፈልገዋል፣ ሠራተኛው ቢያልቅም ግድ የለም። አንድ የሚያጋልጥ ነገር አለ፤ በዚህ ጨዋታ አንድሮይድ፣ ማለት እንደ አሽ ያለ ሮቦት፣ ስትረስ አይዝም፣ ዳይሱንም ገፍቶ እንደገና አይጥልም። ሁሉም ቢጫውን የስትረስ ዳይስ እየደራረቡ እሱ ባዶ እጁን ከተቀመጠ በሃያ ደቂቃ ይነቃበታል። ስለዚህ እሱም ለታይታ ይውሰድ፣ ይጣል፤ የሚወጣውን አንቺ ብቻ ችላ በዪው። 1 ሲወጣበት የደነገጠ መምሰል የራሱ ሥራ ነው።

መዝጊያው ላይ መርከቧን የማፈንዳት ነገር አትተዪ። በፊልሙ አሥር ደቂቃ ነው፣ መሰረዝ የሚቻለው በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ብቻ። ሪፕሊ ጭራቁ መንገዷን ሲዘጋባት ልትሰርዘው ተመልሳ ሮጣ አልደረሰችም። አሥሩን ደቂቃ በእውነተኛ ሰዓት ሙይው፣ ጠረጴዛው መሐል አስቀምጪው። አምስት ሲሞላ ምንም አትበዪ።

ነገ ጠዋት እንወጣለን፣ ከዚያ በኋላ መልስ የምሰጠው ቀጣዩ ወደብ ላይ ነው።

የገርጂዋ

አሽ! ይህን ልጅ አሁኑኑ ልደውልለት። ሪፕሊ እንዳልሆነ ስነግረው ይጮሃል፣ ካርዱን ሲያነብ ግን ዝም እንደሚል እርግጠኛ ነኝ፤ ክፉ መሆን ነፍሱ ነው።

የቀሩት ሦስት ናቸው እንግዲህ፦ ኦፊሰሩን አንዱ፣ ሞተር ክፍሉን አንዱ (ፓርከርን ለሞተር ክፍል ክብር አጠናክሬ እሠራዋለሁ)፣ አብራሪውን አንዱ። ካፒቴኑንና ኬንን እኔ እይዛቸዋለሁ፣ ቶሎ ስለሚሄዱ አይከብደኝም። የቀረኝ ድመቱ ነው። ጆንስን ማን ይያዘው? ነጥብ ያስፈልገዋል ወይስ እኔ እንዳሻኝ ላንቀሳቅሰው?

ዳላስ ቴክሳስ

አንቺው ያዢው። ተጫዋች ከያዘው ጨዋታው በሙሉ ስለ ድመት ይሆናል።

ሃያ ጎን

ያ የፍሪ ሊግ መጽሐፍ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከራይ ሰው አለ?