ከአዳማ ድሬዳዋ በባቡር፦ የትኛው አልጋ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ልንሄድ ነው። ተራራውን እያየን፣ እሷም ጋደም እንድትል የቱን እንያዝ?

መልስ 1፦ ታችኛውን። ባለ ስድስት አልጋው ክፍል በየጎኑ ሦስት ሦስት ስለተደራረበ መካከለኛውና ላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ መስኮቱም ለታችኛው ነው የሚመቸው። አቅም ካለ ባለ አራቱ ክፍል ይሻላል። እናትን መሰላል አታስወጧት!

መልስ 2፦ መተሃራ ላይ ፈንታሌ ተራራ በግራ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ግን የጨርጨር ሰንሰለት በቀኝ ይመጣል፤ ያኔ መስኮት መቀየር ነው።

መልስ 3፦ መታወቂያ እንዳትረሱ። ከአዳማ በኋላ ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ ግመልና ከብትም ሐዲድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ሰዓት የጠበቀ ቀጠሮ አትያዙ። ወደ አዋሽ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ውሃ አብዝታችሁ ያዙ።