አዲሷ ድመትና ሽማግሌው ውሻችን አልተስማሙም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አይጥ ጆንያ እየቀደደ ገብሱን ስለጨረሰብን ከጎረቤት አንዲት ድመት አመጣን። ውሻችን ቡቺ ግን ዕድሜው ቢገፋም፣ ጆሮውም ቢከብድ፣ ግቢውን ለማንም አያስነካም።

ድመቷን ዕቃ ቤት ለብቻዋ አድርጌ፣ የተኛችበትን ጨርቅ ለእሱ አስሸተትኩት፤ የእሱንም ለእሷ። እስከዚህ ደህና ነበር። ጉዱ የመጣው በሩን ገርበብ ሳደርገው ነው። አይጮህም (ቢጮህ ይሻለኝ ነበር)። ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ጭራው ቀጥ ይላል፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም። ስጠራው ዞር የማይለው ጆሮው ስለከበደ ነው እንዳልል፣ ሥጋ አፍንጫው ሥር ሳደርግለትም አያየኝም። እሷ ደግሞ ጸጉሯን አቁማ እፍ እፍ እያለች ቁምሳጥን ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ማን ያውርዳት!

እናቴ «ውጭ እሰሪው፣ ይለምዳል» ትላለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ከተማ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ሽማግሌ ውሻ ደጅ ማሳደር አንጀቴ እንቢ አለኝ። ደግሞ ታስሮ እያያት ይብስበታል እንጂ የሚበርድለት አይመስለኝም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለቱም ወስደዋል፤ የሚያሳስበኝ ንክሻው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ከያዛት አትተርፍም።

ሽማግሌ ውሻ ከድመት ጋር ያላመዳችሁ፣ እንዲህ የሚያፈጥ ውሻ ይለምዳል? በገመድ ይዤ ከሩቅ ላሳየው ወይስ በሩን መልሼ ዘግቼ በጠረን ብቻ ልቆይ? ወይስ ድመቷን ለባለቤቶቿ ልመልስ?